የእንግሊዞች ክላሲክ አስቂኝ አጫጭር ልቦለዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

«ክላሲክ» የሚባሉት የትኞቹ ናቸው?

አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ስም የሚጠሩት ከ1880ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ድረስ የተጻፉት ናቸው። አራት ስሞች ቀድመው ይመጣሉ፦ ጄሮም ኬ. ጄሮም (1859–1927)፣ ደብልዩ. ደብልዩ. ጄኮብስ (1863–1943)፣ «ሳኪ» በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ሄክተር ሂው ሙንሮ (1870–1916) እና ፒ. ጂ. ዎድሃውስ (1881–1975)። ከእነርሱ በፊት ቻርልስ ዲክንስ ስለ ለንደን ኑሮ የጻፋቸውን አጫጭር ጽሑፎች በ1836 በመጽሐፍ አሳትሞ መንገዱን ጠርጎላቸው ነበር።

ጄሮም ስሙ የገነነው «ሦስት ሰዎች በአንዲት ጀልባ» (1889) በተባለው ረጅም ሥራው ነው። ሆኖም መጽሐፉን ከዚህ ወገን እቆጥረዋለሁ። በቴምዝ ወንዝ ላይ የሚደረገው ጉዞ ክር ብቻ ነው፤ በክሩ ላይ የተሰኩት ዶቃዎች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ታሪኮች ናቸው። አጎት ፖጀር አንዲት ሥዕል ግድግዳ ላይ ለመስቀል ቤተሰቡን በሙሉ የሚያራውጥበት ክፍል ከቀሪው መጽሐፍ ተነጥሎ ቢነበብ ምንም አይጎድለውም።

ለምን በዚያ ዘመን በረከቱ?

በትምህርትና በባቡር ምክንያት። በ1870 የወጣው የትምህርት ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን አስፋፋ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ማንበብ የሚችል፣ ከደመወዙ ጥቂት ሳንቲም የሚተርፈው፣ ጠዋትና ማታ በባቡር የሚመላለስ ብዙ ሕዝብ ተገኘ። ጆርጅ ኒውንስ በ1891 «ዘ ስትራንድ» የተባለውን መጽሔት ሲያቋቁም ይህ አንባቢ እየጠበቀው ነበር። የሼርሎክ ሆልምስ አጫጭር ታሪኮች የወጡት በዚሁ መጽሔት ላይ ነው፤ ጄኮብስና ዎድሃውስም ጽፈውበታል። ጄሮም ከ1892 ጀምሮ «ዘ አይድለር» የሚባል መጽሔት በአዘጋጅነት መርቷል። ከ1841 ጀምሮ ይወጣ የነበረው «ፓንች» ደግሞ ለቀልድ የተሰጠ ሳምንታዊ መጽሔት ነበር።

የጽሑፉን ቅርጽ የወሰነው ይህ የኅትመት ገበያ ነው። ሳኪ ብዙዎቹን ታሪኮቹን የጻፈው ለጋዜጣ ስለነበር በጠባብ ዓምድ ውስጥ ሰው አስተዋውቆ፣ ነገሩን አጡዞ፣ መጨረሻውን ማሳረፍ ነበረበት። «የተከፈተው መስኮት» በእንግሊዝኛው 1,200 ቃላት ገደማ ብቻ ነው። ከመካከሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ይሞክሩ፤ የሚወጣ አያገኙም።

ከየትኛው ልጀምር?

ከዚሁ ከሳኪ «የተከፈተው መስኮት»። ነርቩ ታውኮ ዕረፍት የታዘዘለት ሰው ወደ ገጠር ይሄድና የማያውቃቸውን ቤተሰብ ሊጠይቅ ይገባል። የቤቱ እመቤት እስኪመጡ ድረስ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ታጫውተዋለች፤ እመቤቲቱ አክስቷ ናቸው። በጥቅምት ወር ያ ትልቅ መስኮት ለምን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ትነግረዋለች። ከዚህ በላይ አልናገርም። የልጅቷ ስም ቬራ መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። በላቲን «እውነተኛ» ማለት ነው፤ ታሪኩን ጨርሰው ወደ ስሟ ሲመለሱ እንደገና ይስቃሉ።

ቀጥሎ የዚያው ጸሐፊ «ተረት ነጋሪው»። በባቡር ውስጥ አንዲት አክስት ሦስት ሕፃናትን ጸጥ ለማሰኘት ምግባር የሚያስተምር ተረት ትነግራቸዋለች፤ ልጆቹ ይሰለቻሉ። ከማዶ የተቀመጠ አንድ ወንደላጤ ተራውን ይወስድና ከመጠን በላይ ጨዋ ስለሆነች ልጅ ይተርክላቸዋል፤ ልጅቷን ለተኩላ አሳልፈው የሚሰጧት ለጨዋነቷ የተሸለመቻቸው፣ ደረቷ ላይ የሚቅጨለጨሉት ሜዳሊያዎች ናቸው። ተረት ሁሉ በምክር መደምደም አለበት ተብሎ ላደገ ሰው ይህን ማንበብ ትልቅ እፎይታ ነው።

ከዎድሃውስ የ1922ቱን «የስብከቱ ውድድር» ያንብቡ። ሥራ የፈቱ ወጣቶች በአካባቢው ካሉ ቄሶች ማን ረጅሙን ስብከት እንደሚሰብክ በገንዘብ ይወራረዳሉ። ረጅም ስብከት ቆሞ ያዳመጠ አንባቢ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አንብቤ ጨረስኩ፤ ግን አልሳቅሁም። ምን ጎድሎኝ ነው?

ምናልባት የሚያስቅ ድርጊት ሲጠብቁ አነጋገሩ አምልጦዎት ይሆናል። ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ፤ መልሱ የእነዚህን ጽሑፎች ምሥጢር ስለሚገልጥ። በእነዚህ ልቦለዶች ተራኪው ፈጽሞ አይስቅም። ቤቱ ሲፈርስ፣ ሰው ሲዋረድ፣ ሠርግ ሲበተን የአየር ሁኔታ እንደሚናገር ሰው በረጋ ድምፅ ይቀጥላል። ሳቁ የሚወለደው በሚሆነው ነገርና በሚነገርበት ድምፅ መካከል ካለው ርቀት ነው።

የሳኪን «ቶበርሞሪ» ይመልከቱ። አንድ እንግዳ ለቤቱ ድመት የሰው ቋንቋ አስተምሮት ሳሎን ውስጥ ያቀርበዋል። ተአምር ነው፤ መጮኽ፣ መሸሽ፣ ማማተብ የሚገባበት ጊዜ ነው። እመቤቲቱ የሚያደርጉት ግን አንድ ነገር ነው፤ ድምፃቸው እየሻከረ «ወተት ይቅረብልህ?» ብለው ይጠይቁታል። ድመቱም እንደ ማንኛውም የቤት እንግዳ ግብዣውን ይቀበላል። የመስተንግዶው ሥርዓት ተአምሩን አሸነፈው። ከዚያ በኋላ ድመቱ በየመኝታ ቤቱ መስኮት ሲያልፍ ያየውንና የሰማውን መናገር ሲጀምር የተሰብሳቢው ፊት ምን እንደሚመስል መገመት ይቻላል፤ አሁንም ግን ከወንበሩ ብድግ ብሎ የሚጮኽ የለም።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ባዳ አይደለም። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ከላይ የተባለውንና ከሥር ያለውን ለይቶ መስማት ያውቅበታል፤ እዚህ ሰሙ ጨዋነት ነው፣ ወርቁ ትርምስ። ስለዚህ ቀስ ብለው፣ ከተቻለም ድምፅዎን አሰምተው ያንብቡ። ሁለት ሆኖ ማንበብ ደግሞ ይበልጣል። እኔ «ቶበርሞሪ»ን ብቻዬን ሳነብ ፈገግ ብዬ ነበር፤ ለሌላ ሰው ሳነብለት ግን ወተቱ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም መቀጠል አቃተን።

ጂቭስ ማን ነው? የቤት አዛዥ ነው ወይስ አሽከር?

በዎድሃውስ ልቦለዶች ውስጥ ያለ የግል አሽከር ነው፤ ልብስ የሚያሰናዳ፣ ሻይ የሚያቀርብ፣ ለአንድ ጌታ ብቻ ያደረ። የሀብታም ቤት አገልጋዮችን ሁሉ የሚያዝዘው አዛዥ ሌላ ሰው ነው። ጂቭስ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1915 በታተመ አንድ አጭር ልቦለድ ውስጥ ሁለት ቃል ያህል ተናግሮ አለፈ፤ ኋላ ግን ዎድሃውስ ከፈጠራቸው ሰዎች ሁሉ ታዋቂው ሆነ። ጌታው በርቲ ዉስተር ደግ፣ ገንዘብ የማያልቅበት፣ አእምሮው ግን ብዙ የማይራመድ ወጣት ነው። ችግሩን የሚፈታለት ሁልጊዜ አሽከሩ ነው።

ስሙ የተወሰደው ፐርሲ ጂቭስ ከተባለ የዎሪክሻየር ክሪኬት ተጫዋች ነው። ዎድሃውስ በ1913 ሲጫወት አይቶት ነበር። ተጫዋቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በሐምሌ 1916 ፈረንሳይ ውስጥ በተካሄደው የሶም ውጊያ ሞተ።

ስለ ባላባቶች ብቻ የተጻፉ ናቸው?

አይደሉም፤ ይህ ከዎድሃውስ ዝና የመጣ ስሕተት ነው። ጄኮብስ የተወለደው በለንደን ወደብ በዋፒንግ ነው፤ አባቱ የዕቃ ማራገፊያ መድረክ ኃላፊ ነበሩ። እርሱም በፖስታ ቤት ቁጠባ ባንክ ጸሐፊ ሆኖ ከ1879 እስከ 1899 ሠርቷል። የሚጽፈው ስለ ተራ መርከበኞች ነው፦ ደመወዛቸውን በተቀበሉ በሳምንቱ ስለሚጨርሱ፣ አንዱ አንዱን ሊያታልል ሲል ራሱ ስለሚታለል ሰዎች። ብዙዎቹን ታሪኮች የሚነግረን ወደቡን የሚጠብቅ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ በራሱ አንደበት ሲሰማ እርሱ በምንም ነገር ጥፋተኛ ሆኖ አያውቅም።

ብዙ ሰው ጄኮብስን የሚያውቀው «የጦጣዋ መዳፍ» (1902) በሚባለው አስፈሪ ታሪኩ ብቻ ነው። በዘመኑ ግን አገር የሚያውቀው በአስቂኝ ጽሑፎቹ ነበር፤ መረሳታቸው ያሳዝነኛል።

ሴት ጸሐፊዎችስ?

ሪችማል ክሮምፕተን አለች። የግሪክና የላቲን ቋንቋ መምህርት ነበረች፤ በፖሊዮ ታማ ማስተማር ካቆመች በኋላ በብዕሯ ኖረች። ዊልያም የሚባለው የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በ1919 በመጽሔት ታየ፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1922 ወጣ፤ እስከ ሞቷ እስከ 1969 ድረስም ስለ እርሱ ጽፋለች። ልጁ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ዓመት እንኳ አልጨመረም። የልጆች መጽሐፍ ተብሎ ይሸጣል፤ ቋንቋው ግን የዐዋቂ ነው፤ ሆን ተብሎ ከፍ ያለ፣ ስለ ጭቃና ስለ እንቁራሪት በዳኛ አነጋገር የሚተርክ።

ሳኪ ለምን ይህን ያህል ይጨክናል?

በሳኪ ልቦለዶች ውስጥ ሰው በአውሬ ይበላል፤ ሐሰተኞች ያሸንፋሉ፤ አክስቶችና አሳዳጊዎች ክፉ ዕጣ ይደርስባቸዋል። ምክንያቱን ከሕይወት ታሪኩ መፈለግ ይቻላል። የተወለደው አባቱ በፖሊስ መኮንንነት ያገለግሉ በነበረባት በበርማ ነው። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ እንግሊዝ አገር ሳሉ አንዲት ላም ደንብራ ስለመጣችባቸው በዚያው ሰበብ ሞቱ። ሳኪና ሁለቱ ታላላቆቹ በዴቨን አያታቸው ቤት፣ በሁለት ጥብቅ አክስቶች እጅ አደጉ። አክስቶቹ እርስ በርሳቸው ይጠላሉ፤ ልጆቹን በመቆጣጠር ግን ይፎካከራሉ።

«ስሬድኒ ቫሽታር» በተባለው ታሪክ ውስጥ አንድ የአሥር ዓመት ሕመምተኛ ልጅ ጥርሱ ስለት የሆነ፣ ረጅም ቀጭን አውሬ በጓሮ ጎጆ ደብቆ እንደ አምላክ ያመልከዋል፤ አሳዳጊው ጎጆውን ልትፈትሽ ትሄዳለች። የጸሐፊው እህት ኤቴል የአሳዳጊዋ አምሳያ አክስታቸው ኦገስታ እንደሆኑ መስክራለች። ልጁ በመጨረሻ ለራሱ ዳቦ ይጠብሳል፤ ቅቤም ይቀባል። ይህን ትዕይንት ለማስረዳት አልሞክርም፤ አቅም የሌለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለገውን ሲበላ ማየት ነው።

ስለዚህ ጭካኔው አቅጣጫ አለው። ሳኪ የሚጨክነው ጉልበት ባላቸው፣ በማይጠራጠሩ፣ «ለአንተው ጥቅም ነው» እያሉ በሚያሠቃዩ ሰዎች ላይ ነው፤ ከልጆችና ከእንስሳት ጎን ይቆማል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አርባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ መኮንንነት ቀርቦለት እምቢ ብሎ በተራ ወታደርነት ዘመተ። በኅዳር 1916 በሶም ግንባር በአነጣጣሪ ጥይት ተመታ። የክሪኬት ተጫዋቹ ጂቭስ በወደቀበት በዚያው ዘመቻ፣ በዚያው ዓመት ማለት ነው።

ያ ዓለም ጠፍቷል፤ ታሪኮቹ ለምን አልጠፉም?

አሽከርና ባላባት፣ የደረቀ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የገጠር ግብዣ፣ ሁሉም አልፏል። የቀረው ግን በጨዋነት ሥር ያለው ፍርሃት ነው፤ እርሱ በየትኛውም አገር ይገኛል። ለእኔ ይህን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በ1928 የታተመው የዎድሃውስ «ሎርድ ኤምስወርዝ እና ሴት ወዳጁ» ነው።

ሎርዱ የብላንዲንግስ ግንብ ጌታ ናቸው። ሰፊ መሬት፣ ብዙ አገልጋይ፣ «የብላንዲንግስ እቴጌ» የምትባል ተወዳጅ አሳማም አላቸው። ግን በገዛ ቤታቸው ሁለት ሰዎችን ይፈራሉ፤ እህታቸውን ሌዲ ኮንስታንስንና ዋና አትክልተኛቸውን። አትክልተኛው ሎርዱ የሚወዱትን አረንጓዴ የለበሰ ጥንታዊ መንገድ ጠጠር ሊያለብሰው ቆርጧል፤ እሳቸው ደግሞ እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። በበዓል ቀን ከለንደን ድሃ ሰፈር ለሽርሽር ከመጡ ልጆች መካከል ግላዲስ የምትባል አንዲት ልጅ አለች። አበባ ስትቀጥፍ አትክልተኛው ቢያባርራት ድንጋይ ወርውራ ቅልጥሙን ብላዋለች። ሎርዱ ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸው አድናቆት ወሰን የለውም።

በኋላ ሎርዱ አበባ እንድትቀጥፍ ይፈቅዱላታል፤ አትክልተኛው እያጓራ ይመጣል። ያን ጊዜ የፈራችው ልጅ ትንሽ እጇን በሽማግሌው እጅ ውስጥ ታስገባለች። ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነገር በዓለም ታሪክ ሚዛን ኢምንት ነው፤ አንድ ሽማግሌ ለገዛ ተቀጣሪው «አይሆንም» ይላል። ያነበብኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ጉሮሮዬ ይያዛል፤ ወዲያውም እስቃለሁ። አለቃውን፣ አማቱን፣ የቤት አከራዩን የሚፈራ ሰው እስካለ ድረስ ይህ ታሪክ አያረጅም።

በጽሑፎቹ ውስጥ ያለውን ንቀት እንዴት ልመልከተው?

ንቀቱ አለ፤ መደበቅ አያስፈልግም። ሳኪ አይሁዶችንና የመምረጥ መብት የጠየቁ ሴቶችን የሚያንኳስስባቸው ቦታዎች አሉ። ዎድሃውስ በ1930ዎቹ ጥቁሮችን የሚያዋርድ ቃል ያለ ሐሳብ ይጠቀማል። የዘመኑ የቀልድ ጣዕም እኛንም ነክቷል። በየካቲት 1910 ኋላ ቨርጂኒያ ዉልፍ ተብላ የታወቀችው ደራሲ ያለችበት አንድ ቡድን ፊቱን አጥቁሮ፣ «የአቢሲኒያ መሳፍንት ነን» ብሎ «ድሬድኖት» የተባለውን የጦር መርከብ በክብር ጎበኘ። የተሣቀበት የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነው፤ የቀልዱ ልብስ ግን የእኛ ፊት ነበር።

ከሁሉ የሚከብደኝ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ነው። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ዘገበ፤ በ1935 ለጦርነቱ ተመልሶ መጣ። ከእነዚህ ጉዞዎች ሁለት አስቂኝ ረጅም ልቦለዶች አተረፈ፤ አገሩን በሐሰት ስም ሸፍኖ። በ1936 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ደግሞ የጣሊያንን ወረራ ደገፈ፤ ሕዝባችን በመርዝ ጋዝ በተቃጠለ በዚያው ዓመት። ይህን ይቅር አልለውም። ነገር ግን ይኸው ሰው ግብዣ ደግሰው፣ ሻማ አብርተው፣ ብቻቸውን ስለሚቀመጡ አንዲት የአየርላንድ አሮጊት የጻፈው አጭር ልቦለድ በኀዘኔታ የተሞላ ነው። ለአንዲት ባዳ አሮጊት ይህን ያህል የሚራራ ዓይን አዲስ አበባ ሲደርስ ለምን እንደታወረ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ አንብቤ እጠይቃለሁ፤ ሳያነቡ መተውን የመረጠ ሰው ላይ ግን አልፈርድም።

ዎድሃውስ ከናዚዎች ጋር ተባብሯል ይባላል፤ እውነት ነው?

በርሊን ሆኖ በጀርመን ራዲዮ መናገሩ እውነት ነው። በ1940 ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ በሚኖርበት በለ ቱኬ ተያዘና እንደ ጠላት አገር ዜጋ ታሰረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ቶስት በተባለ የሲሌሲያ ከተማ ነው። በሰኔ 1941 ተፈትቶ በዚያን ጊዜ ገና ጦርነት ውስጥ ላልገባችው ለአሜሪካ አድማጮች አምስት ንግግሮች አደረገ። የፖለቲካ ቅስቀሳ የለባቸውም፤ የእስር ቤት ኑሮን በለመደው የቀልድ ድምፅ ይተርካሉ። ቦምብ ሲወርድበት ለነበረው የለንደን ሕዝብ ግን ይህ ድምፅ ቁስል ላይ ጨው ነበር።

የእንግሊዝ የደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1944 አጣርቶ ቂል እንጂ ከሃዲ አይደለም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ፤ ጆርጅ ኦርዌልም በ1945 ተከራክሮለት ጽፏል። ዎድሃውስ ግን ወደ አገሩ አልተመለሰም። በ1955 የአሜሪካ ዜግነት ወሰደ፤ የ«ሰር» ማዕረግ የተሰጠው በ1975 ከመሞቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ማንኛውንም መከራ በቀላል ድምፅ የመተረክ ችሎታው ያስነበበው እርሱ ነው፤ ያጠፋውም እርሱው ነው። ይህ ድምፅ የማይገባበት ቦታ መኖሩን አላወቀም።

ወደ አማርኛ ቢተረጎሙ ያስቃሉ?

ያስቃሉ፤ አንዳንድ ቦታ እንዲያውም አማርኛው ይመቻል። እንግሊዝኛ «አንተ»ንና «እርስዎ»ን አይለይም፤ ጂቭስ አክብሮቱን የሚያሳየው «ጌታዬ» እያለና ነገሩን እያለዘበ ነው። በአማርኛ በርቲ «አንተ» ሲለው፣ እርሱ በየግሱ «እርስዎ» እያለ የጌታውን አዲስ ልብስ ያለ ርኅራኄ ሲነቅፍ ይታይዎት። ከዚህም ሌላ በርቲ ተማሪ ሳለ በመጽሐፍ ቅዱስ ዕውቀት መሸለሙን ይኩራራበታል፤ ጥቅሶቹ ለእኛ አንባቢ የግርጌ ማስታወሻ አይሹም። የሼክስፒር ጥቅሶች ግን ያስቸግራሉ። የጄኮብስ መርከበኞች የሚናገሩትን የለንደን ወደብ ዘዬ በአንድ የአገራችን ክፍል ዘዬ መተካት አይገባም፤ ያን አካባቢ መሳቂያ ማድረግ ይሆናል። የገበያ ሰው የሚናገረው ተራ አማርኛ ይበቃል።

ሊተረጉም የተነሣ ሰው ስለ መብትም ያስብ። በብሪታንያ ሕግ ጥበቃው ደራሲው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይዘልቃል። የሳኪ፣ የጄሮምና የጄኮብስ ሥራዎች በዚያ ነፃ ሆነዋል፤ የዎድሃውስ ግን እስከ 2045 መጨረሻ የተጠበቁ ናቸው።

የተርጓሚ ትልቁ ፈተና ያለው በ«የተከፈተው መስኮት» የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ሳኪ «ሮማንስ» የሚል ቃል ይጠቀማል። «ፍቅር» ብሎ የተረጎመው ሰው ታሪኩን ይገድለዋል፤ «ውሸት» ያለውም ልጅቷን ይበድላታል። እኛ ግን «ልብ ወለድ» የሚል ቃል አለን፤ ከልብ የተወለደ። ለቬራ የሚገባው እርሱ ነው።